ጎማ ተነፍቶ፣ ዱዓ ተጀምሮ

የዘንድሮ መኪና ድፍረት ይጠይቃል። ድሮ የኋላውን በር ከፍታችሁ ምንጣፉን ስትገልጡ መጠባበቂያው ስኮርታ ጎማ ተጋድሞ ታገኙ ነበር፤ ጭቃ የለበሰ፣ ያረጀ፣ ግን የሚጨበጥ። አሁን በቦታው አንድ ጠርሙስ የጎማ ቀዳዳ መድፈኛ ማጣበቂያና ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ መንፊያ ይሰጧችኋል። በቃ፣ ዋስትናችሁ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ደረጃ እንኳ መደገፊያውን ሳልይዝ አልወርድም። እንዲህ ያለውን ሰው በጠርሙስ ማጽናናት ግፍ ነው።

የፈራሁት አልቀረም። ባለፈው ክረምት ሚስቴን ሰናይትን እንሴኖ እናቷ ዘንድ ሰንብታ፣ እኔ ልጠይቃት በሄድኩበት ቀን ምጥ ጀመራት። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ከኋላ አስተኝቻት ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ስከንፍ፣ በርበሬ ማሳ አጠገብ መሪው ወደ ቀኝ ጎተተኝ። ወርጄ ባይ የፊቱ ጎማ ተንፍሶ የብረት ቸርኬው መሬት ሊነካ ደርሷል። የሚያልፍ መኪና የለም፤ የሰናይት ማቃሰት ደግሞ እየተቀራረበ ነው።

ጠርሙሱን ከመንፊያዋ፣ መንፊያዋን ከጎማው ገጠምኩና ገመዱን ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካሁ። ሞተሩን አላጠፋሁም። መንፊያዋ ተንጫጫች፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወደ ጎማው ገባ። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁ። ጎማው ቀስ እያለ ቀና አለ! መመሪያው ግልጽ ነው፤ ወዲያው ካልነዳችሁ ፈሳሹ ጎማው ውስጥ አይዳረስም፣ አንድ ቦታ ይረጋል፣ ቀዳዳውም አይደፈንም።

ወዲያው። ቃሉን ልብ በሉልኝ።

መንፊያዋን ነቅዬ መሪ ስጨብጥ ማሳ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ደረሱ። "አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ሌሎቹ ሐጂ ይሏቸዋል። ሰናይትን በመስኮት አዩና ምንም ሳይጠይቁ መኪናው ፊት ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። ዱዓ ተጀመረ።

እስቲ ፍረዱ፣ ለሚስታችሁ በተዘረጋ እጅ ፊት ማርሽ ታስገባላችሁ? ጎማው መልሶ ይተነፍሳል ብዬ ፈራሁ። ምርቃት ረግጬ ሄጄ ሰናይት አንድ ነገር ብትሆንስ ብዬ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ቢሆንም አሜን አሜን ነው። ቶሎ ያልቅ ይሆናል ብዬ ሐጂ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር "አሜን!" እያልኩ ጮህኩ። እሳቸው ግን እንዲህ ያለ አማኝ ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፣ በጮህኩ ቁጥር ያረዝሙታል። ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተሻገሩ፤ ከዚያ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ከብቱ።

"ሐጂ!" አለች ሰናይት ጥርሷን ነክሳ። "ይግቡና የቀረውን እየሄድን ይጨርሱልኝ!"

ገቡ። አጠገቤ ተቀምጠው እሳቸው እየለመኑ፣ እኔ የጎማውን ድምፅ እያዳመጥኩ በዝግታ ቡታጅራ ደረስን። ሰናይትን አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ወጥቼ ለሐጂ ነገርኳቸው። "አልሐምዱሊላህ!" አሉና ጎማውን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። "በል ልጄ፣ አሁን እኔን ወደ ማሳዬ መልሰኝ።"

"መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ እንሂድ ሐጂ። ጠርሙሱ ባዶ ነው፣ ፈርቻለሁ።"

"እስከ ጎሚስታውስ ማን ያደርስሃል?" አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ።

"አሜን" አልኩ፤ በጣም ቀስ ብዬ።