ራዲዮ ይዞ የሚሳፈር ሰው

ራዲዮ ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈር ወንድ ገጥሟችሁ ያውቃል? አይግጠማችሁ። እንዲህ ያለው ሰው ራዲዮው አንድ ቀን ዝም ካለ አገር የሚፈርስ ይመስለዋል። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ አያ ጥሩነህ፣ ከነዚህ አንዱ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ወለደች። ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው፣ ከቢቸና ገበያ መርጬ ገዝቼ ያነጠርኩትን የአራስ ቅቤ በማሰሮ ይዤ፣ ከሱ ጋር ከሞጣ በአውሮፕላን ልሄድ ተነሣሁ። ሜዳው ላይ ዕቃ የሚመዝነው ሰውዬ፣ «ጭነታችሁ በዝቷል። ወይ ማሰሮው ወይ ካርቶኑ ይቅር» አለን። ካርቶኑ አያ ጥሩነህ ለራዲዮው የሰነቀው የባትሪ ድንጋይ ነው።

«እታለም፣ ቅቤ የትም አይጠፋም» አለና ማሰሮዬን በገዛ እጁ ከሚዛኑ አወረደው።

አውሮፕላኑ እያጓራ ሲበር፣ እሱ ራዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀመጠ። ምን ሊሰማ ኖሯል?

በማግስቱ ራዲዮውንና ካርቶኑን እንደታቀፈ አራስ ሊጠይቅ መጣ። ገንፎ ሲቀርብለት መሃሉን አየና፣ «እታለም፣ ቅቤው የታለ?» አለኝ።

ካርቶኑን ከፍቼ አንድ ድንጋይ አወጣሁ። ቅቤው ከሚፈስበት ከገንፎው ጉድጓድ ውስጥ ተከልኩለትና፣

«ይብሉ፣ አያ ጥሩነህ» አልኩት፤ «ከሞጣ ያመጡልን እሱን ነው።»