የይግባኝ ባዮቹ ቤት ጎብኚ

መኖሪያ ቤቱን ባንክ በሐራጅ እንዲሸጥ ተፈርዶበት ይግባኝ ያለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቶቼ አቶ ባልቻና ወይዘሮ አስቴር እንደዚያ ናቸው። በራቸው በተንኳኳ ቁጥር እኔም አብሬ እደነግጣለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ላጽናናቸው ተቀምጬ ሳለ የሐራጁን ማስታወቂያ ያየ አንድ ነጋዴ ከጎረቤት ከተማ ከቦዲቲ ቤቱን ሊያይ መጣ። አቶ ባልቻ ለሚስታቸው በሹክሹክታ፣ “ጣሪያው ያፈሳል በይው፣ ይሽሽ” አሉ።

ውሸቱ ቀላል ነበር። ግን የሶዶ ሴት በእንግዳ ፊት ቤቷን ታማለች?

“የኔ ቤት? በሐምሌ እንኳ ጠብ ብሎበት አያውቅም! ግባ ልጄ፣ ጓዳውንም እየው!”

አቶ ባልቻ ላብ በላብ ሆኑ። ነጋዴው ግድግዳውን እየዳበሰ፣ “ነጭ ባስቀባውስ?” አለ።

“ኧረ ነጭ አይሆንም! ይሄ ቀይ ጭቃችን ያበላሽብሃል።”

ምክሩስ ጥሩ ነበር። ወይዘሮ አስቴር ግን ቤቱ የሰውየው የሆነ ያህል “ያበላሽብሃል” ማለታቸውን የሰሙት ያኔ ነው መሰለኝ፣ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።