ንፋስ የማይወዱት የጣራ ሐኪም

ሐበሻ በተሰበሰበበት የውጭ አገር ከተማ ሁሉ፣ የማንም ዕቃ ሲበላሽ ከባለሙያው ቀድመው የሚደርሱ አንድ ጋሼ አይጠፉም። ማን እንደጠራቸው አይታወቅም። ዕቃውን ሳያዩ ሕመሙን ያውቃሉ፤ "ይቅርብዎ" የሚላቸው ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም። የፍራንክፈርቱ ክቡርነታቸው ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ይባላሉ። የሰባ ሁለት ዓመት ጡረተኛ የውሃ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ብቻቸውን የሚኖሩት ሪድበርግ በሚባል ሰፈር፣ ምንም ነገር የማይበላሽበት አዲስ ሕንፃ ውስጥ ነው። ይህ ለእሳቸው ትልቅ መከራ ነው።

ክንፈ እጃቸው ላይ የወደቀው በሚያዝያ ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ኖሮ ባጠራቀመው ገንዘብ አንዲት አሮጌ ቮንሞቢል ገዛ፤ አልጋዋም ምድጃዋም ውስጧ ያለ የቤት መኪና። ጀርመን ከገባ ጀምሮ መጀመሪያ ሃይም በሚሉት የስደተኞች መጠለያ ከአምስት ሰው ጋር፣ ከዚያም በኪራይ ክፍል ነው የኖረው። የራሴ የሚለው በር ኖሮት አያውቅም። ኦይሮፓፊርቴል ሰፈር መንገድ ዳር አቁሟት ቁልፏን ሲያዞር እንባው ይመጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዘነበና ጣራዋ አፈሰሰ።

ሚስቱ ወርቅነሽ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለነሐሴ ሁለት ሳምንት ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍት፣ ተፈቅዶላት፣ ባሕር ለማየት ቀን ትቆጥራለች። በሩን ከፍታ አሸተተች።

"ክንፍዬ፣ ኡርላውቤን ሻጋታ ሳሸት አልጨርሰውም። እስከዚያ ካልደረቀች ትሸጣታለህ" አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክንፈ አንድ ሰው ብቻ አማከረ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሰይፈ መሰላል ተሸክመው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል።

"ውሃ ውሸታም ነው!" አሉ ጣራው ላይ ሆነው። "እዚህ ገብቶ እዚያ ማዶ ነው የሚንጠባጠበው። አይሸውድህ!"

እውነት ለመናገር ሥራቸው ሥራ ነበር። የቀድሞው ባለቤት በጣራው መስኮት ዙሪያ በየዓመቱ የደራረበውን ሲሊኮን ከሥሩ ላጡት፣ ቦታውን በአልኮል ወለወሉት፣ ሁለት ቀን አደረቁት፣ ከዚያም ለመኪና ጣራ በሚሆን ማሸጊያ እንደ አዲስ ዘጉት። ክንፈ በጎማ ውሃ ቢለቅባት አንድ ጠብታ አልገባም። ችግሩ ቱቦው ውስጥ ማሸጊያ መትረፉ ነው። ጋሽ ሰይፈ የተረፈ ነገር አይወዱም።

ወደ ውስጥ ገብተው ትንሽ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ያዝ አደረጉ።

"ንፋስ!" አሉ፣ ሌባ ያገኙ ይመስል።

አገር ቤት አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት "ዝጋው፣ ብርድ ልታስመታን ነው?" ብለው ከሚጮኹት አንዱ እሳቸው እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። ዛሬም በበጋ ባቡር የሚሳፈሩት ሻርፕ ጠምጥመው ነው። ፈላልገው ከምድጃው ሥርና ከጣራው ጠርዝ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አገኙ። "ፋብሪካው ረስቶት ነው" ብለው አንድ በአንድ ደፈኗቸው። "ወርቅነሽን ጎኗን ቢመታትስ? ቀልድ መሰለህ?" ትልቅ ሰው ተንበርክኮ ሲሠራለት ክንፈ እንዴት "ይተዉ" ይላል? ሻይ አቀረበላቸው።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ አልገባም። ሻጋታው ግን ፍራሹ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ተስፋፋ። ቅዳሜና እሑድ እዚያው እያደሩ፣ ወርቅነሽ ሽንኩርት ባቁላላች ቁጥር ግድግዳውን ያልበዋል። ጋሽ ሰይፈ በየቅዳሜው እየመጡ፣ "ውሃ ውሸታም ነው" እያሉ፣ ጣራውን ደግመው ይቀቡታል። ሐምሌ ላይ ወርቅነሽ ለሽያጭ ማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ አነሣች። ክንፈ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ከመሸጧ በፊት የምድጃዋ ጋዝ ምርመራ ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ነበራት። መርማሪው ጀርመናዊ በባትሪ ከምድጃው ሥር አየና ቀጥ ብሎ ተነሣ።

"እነዚህ ቀዳዳዎች ጋዝ ቢያፈስ መውጫው ናቸው" አለ። "እርጥበቱም የሚወጣው በእነሱ ነው። ሻጋታው ከዝናቡ አይደለም፣ ከትንፋሻችሁና ከድስታችሁ ነው። ማነው የደፈናቸው?"

ምርመራውን ሊያዩ የመጡት ጋሽ ሰይፈ በእጃቸው የያዙትን የማሸጊያ ቱቦ ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ደበቁ። ክንፈ አያቸውና አንጀቱን በሉት።

"እኔ ነኝ" አለ።

ጋሽ ሰይፈ ወደ እሱ ዞረው ተቆጡ።

"አንተ ልጅ! ስንት ጊዜ ነገርኩህ፣ ቤት ይተንፍስ ብዬ!"

ወርቅነሽ ሳቋ እንዳያመልጣት ወደ ውጭ ሮጠች።

በማግስቱ ክንፈ ከሥራ ሲመለስ፣ ጋሽ ሰይፈ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተው ቀዳዳዎቹን በቢላ ሲከፍቱ አገኛቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሻጋታውን ወለወሉ፣ የበሰበሰውን ጣውላ ቀየሩ፣ ከፍራሹ ሥር አየር እንዲያልፍ ርብራብ ሠሩ። ከሳምንት በኋላ ወርቅነሽ አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተችና ፎቶዎቹን ከስልኳ አጠፋች።

በጉዞው ቀን ጋሽ ሰይፈ መሰላላቸውን ይዘው ሊሸኙ መጡ።

"ሦስተኛ አልጋ አለን፤ ጣራውን ማን ያይልናል?" አለቻቸው ወርቅነሽ።

"ሥራ በዝቶብኛል" አሉ። ሻንጣቸው ግን መሰላሉ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ያካፋ ጀመር። ወርቅነሽ ሽንኩርት ታቁላላለች፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ የጣራው መስኮት ገርበብ ብሏል። ጋሽ ሰይፈ ልክ ከሥሩ ተቀምጠው ሻርፓቸውን እስከ ጆሯቸው ጠምጥመዋል። ክንፈ አሳዘኑትና እጁን ወደ መስኮቱ ሰደደ።

"ጋሽ ሰይፈ፣ ብርድ እንዳይመታዎት ልዝጋው?"

"ተወው" አሉ፣ ሻርፑን አንድ ዙር ጨምረው። "የደፈንኩት እኔ ነኝ። ይግባ።"