ሊቀ ጎማ እና የኋልዮሽ መንገዳቸው

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ እሱ ሳይማከር ማንኪያ እንኳ አይገዛም። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ያ ሰው ራሱ ነው።

በዚህኛው ቤት ሥልጣኑን የያዙት ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ልጆቻቸው እሳቸው በሌሉበት «ሊቀ ጎማ» ይሏቸዋል። ክቡርነታቸው ዓሣ የሚያጠምዱት እንደ ሰው ዳር ቆመው አይደለማ! በአየር የተነፋ፣ መቀመጫ ያለው ጎማ ላይ ተሰይመው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ሰደው ነው። መንጠቆው ላይ ትል የለም፤ ራሳቸው ከላባና ከክር የሠሯት የውሸት ዝንብ እንጂ። «ትል ለሰነፍ ነው» ይላሉ።

ችግሩ ዳሌያቸው ነው። ካመማቸው ወዲህ ያለ ከዘራ ደረጃ አይወጡም። ባለቤታቸው ጸጉር አስተካካይ የሆነውን የልጃቸውን ባል ወጥ ቤት ጠሩት።

«ልጄ፣ አብረኸው ሐይቁ ውስጥ ግባና እይልኝ። አቅቶት ካየህ ንገረኝ፤ ያንን ጎማ ቀዳድጄ ነው የምጥለው።»

ምስኪን አማች! አብሮ ለመግባት ለራሱም ጎማ መግዛት ነበረበት፤ ከሊቀ ጎማ ጋር ደግሞ ሱቅ መግባት ማለት ፈተና መቀመጥ ነው። ድፍን ክብ የሆነው ርካሽ ነበርና እጁን ሰደደ።

«ተው!» አሉ፤ ሻጩ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይሄንን እንደ ሱሪ ነው የምታጠልቀው። ቢገለበጥብህ በየት ልትወጣ ነው? ፊቱ ክፍት የሆነውን ውሰድ። እንደ ወንበር ትቀመጥበታለህ፣ ስትፈልግ ትነሳለህ።» ከዚያ ስፌቱን ዳሰሱ፣ የአየር መግቢያውን በጆሯቸው አዳመጡ፣ መሃል ሱቁ ላይ አስነፍተው ተቀመጡበት። ሻጩ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስም እዚያው ነበሩ።

ሐይቁ ዳር ፀሐዩ ያቃጥላል። አማች ጎማውን እንደ ከበሮ እስኪወጠር ነፋው።

«ሙቀት ያሳበጠው አየር ውሃ ሲነካው ይኮማተራል። አቀዝቅዘውና እንደገና ሙላው።»

«እሺ አባባ» አለና በአንዱ ጆሮው የሰማውን በሌላኛው አፈሰሰው። ከዚያ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋውን የጎማ ጫማ አጥልቆ ወደ ፊት ሲራመድ በግንባሩ ተደፍቶ ጭቃውን ሳመ።

«በዚህ ጫማ ወደ ኋላ ነው የሚኬደው፣ ልጄ! ወደ ፊት መሄድ የቻለማ እዚህ ምን ይሠራል?»

እሳቸው ከዘራቸውን ሣሩ ላይ ጥለው፣ በእሱ ክንድ ተደግፈው፣ የኋልዮሽ ገብተው ተቀመጡ። ጉድ እኮ ነው! ያ ደረጃ ላይ የሚያቃስት ዳሌ የት ገባ? በእግራቸው ረገጥ ረገጥ ሲያደርጉ ሰውየው ውሃው ላይ ተንሸራተቱ። ክሩን ወረወሩት፤ ተዘረጋ፣ ዝንቧም ረጋ ብላ አረፈች። አማች አፉን ከፍቶ ቀረ። እኚህን ሰው ከዚህ ውሃ ማውጣት ግፍ መሰለው።

ያኔ ነፋሱ ተነሳ። የአማች ጎማ ለዘዘ፣ እሱም ወደ መሃል ይወሰድ ጀመር።

«አባባ! ተነፈሰ! አለቀልኝ!» ውሃውን በደመ ነፍስ ይደበድበዋል።

ሊቀ ጎማ ጀርባቸውን ሰጥተው መጡ፤ ከጎማቸው ላይ ገመድ ፈትተው ወረወሩለት።

«አልተነፈሰም፣ በርዶት ነው። ያዝና ቀስ ብለህ ርገጥ።» እየጎተቱ ዳር አደረሱት።

መሬት ሲነኩ ግን ዳሌያቸው ያዛቸው፤ በትከሻው ተደግፈው ተነሱ።

«እንድታየኝ እንደላከችህ አውቃለሁ» አሉ። «ምን ልትላት ነው?»

አማች ከዘራቸውን ከሣሩ ላይ አንስቶ አቀበላቸው፤ ተያይዘውም ወደ ቤት ተመለሱ።

«እህስ?» አሉ ባለቤታቸው በር ላይ። የበር አከፋፈት እንኳ የሚያርሙት ሰውዬ ሳሎን ገብተው ወለሉን ያያሉ።

«እማዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መሬት ላይ አባባን የደገፍኳቸው እኔ ነኝ። ውሃ ላይ ግን እሳቸው ባይኖሩ አልመለስም ነበር። ጎማውን ቢቀዳድዱት እኔ ከማን ጋር ልሄድ ነው?»

ሴትየዋ ባላቸውን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ። «በሉ አብራችሁ ሂዱ» አሉና ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ።

ከሳሎን ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። «ልጁ ይማራል» አሉ ሊቀ ጎማ፤ ድምፃቸው ግን የዳይሬክተር አልነበረም።