የእጣቢዋ እመቤት

ውሃ በጠፋበት ዘመን ሰው የሚጣላው ከደመና ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ነው። ለዚሁ ጠብ የተሾመች አንዲት ሴት ደግሞ ከየትኛውም ግቢ አትጠፋም። ሳፋ ይዘህ ብቅ ስትል ከየት እንደመጣች ሳታውቅ ፊትህ ትገተራለች። "እንዳትደፋው!" ትላለች። ገና አልታጠብክበትም እኮ።

የቧንቧ ሠራተኛው በተከራየበት ግቢ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ሲስተር ናቸው። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የወጡት ግን ከሆስፒታሉ እንጂ ከቁጣው አይደለም። አሁን የቀረቻቸው አንዲት በሽተኛ ብቻ ናት፤ በመስኮታቸው ፊት ለፊት የቆመች የአቮካዶ ዛፍ።

ለእሷ የሚጠጣ እጣቢ ሲቀርብላቸው እንዲሁ አይቀበሉም። መጀመሪያ ያሸታሉ። "በረኪና አለበት?" ቀጥለው ጣታቸውን ነክረው ይልሳሉ። "ጨው! ምን ቀቀልሽበት? ልትገድያት ነው?" የግቢው ሴቶች ድንች ሲቀቅሉ ጨው ከመጨመራቸው በፊት ግራ ቀኝ ማየት ጀምረዋል።

የቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ በሌለው ቧንቧ ሲሰደብ የሚውል ሰው ነው። ደንበኛ ቧንቧውን ሲከፍት "ፍስስ" የሚል አየር ብቻ ከወጣ፣ ውሃውን እሱ የጠጣው ይመስል አናቱ ላይ ይጮህበታል። አመሻሽ ላይ ተቃጥሎ ይገባና እግሩን ሳፋ ውስጥ ይነክራል። ሲስተር ከጎኑ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ጨረስክ?"

"ሲስተር፣ አንዱ እግሬ ገና ደረቅ ነው!"

"እሷ ሁለመናዋ ደረቅ ነው። ቶሎ በል።"

ደሙ ይፈላል። የሚመልሰው ቃል ምላሱ ላይ ሲደርስ ሳፋው የለም።

በዚህ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ሙቀቱ ግን ሁለት ሰው ሆኖ መጣ። ዛፏ ያለወቅቷ አበበች፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ረገፈ። ከዚያ ቅጠሏ ዳር ዳሩን እሳት እንደላሰው ወረቀት ቡኒ ሆነ፣ ተጠቀለለ፣ ወደቀ። ጥላዋ ሲሄድ የቧንቧ ሠራተኛው ቆርቆሮ ጣሪያ መጥበሻ ሆነ። ለዚህም ቢሆን የረገመው ሲስተርን ነው።

አከራዩ፣ ግቢው "ዘመናዊ" እንዲሆን ብሎ እስከ ግንዷ ድረስ ሲሚንቶ ያስለበጠው ሰው፣ ቀና ብሎ አያትና ፈረደ።

"ሞታለች። እሁድ ትቆረጣለች።"

"አልሞተችም!" ሲስተር ጮኹ። "አፏን ዘግታ ነው! ቅጠል የሚተነፍስበት አፍ አለው። ውሃ ሲጠፋ፣ ያላት ጠብታ በላብ እንዳያልቅ ትዘጋዋለች። አፍ ከተዘጋ ደግሞ መብላት የለም፤ ለዚህ ነው ያላደገችው። አንተ ጉሮሮህ ውስጥ ሲሚንቶ ቢሞሉብህ ታድግ ነበር?"

"ሲስተር፣ ዛፍ እኮ ናት፤ ሰው አይደለችም።"

"ሰው ብትሆንማ ተከራይ ነበረች፤ እስካሁን አስወጥተሃታል!"

የቧንቧ ሠራተኛው በልቡ ለአከራዩ ፈረደ። ቢያንስ እግሩን በሰላም ይታጠባል።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ መጣ። መጣ ከተባለ። የዓመቱን በአንድ ትንፋሽ አራገፈው። ተከራይ ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ከጣሪያው ጠርዝ ስር ተሻማ። መሬት የወረደው ግን ሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ፣ ግንዷን ዳሰስ አድርጎ እንኳ ሳይቆም፣ በበሩ ስር ወደ መንገድ ወጣ። ሲስተር መሃል ግቢ ቆመዋል፤ አንዱን ነጠላ ጫማቸውን ጎርፍ ወስዶታል። ውሃውን በመጥረጊያ ወደ ዛፏ ይመልሱታል፤ ይሄዳል። ይመልሱታል፤ ይሄዳል።

"ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትሄደው፣ አንተ ባለጌ!" ይሉታል። ድምፃቸው ተሰብሯል።

የቧንቧ ሠራተኛውን ያን ያህል ያበገነው ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። የከረመው ሙቀት ይሁን፣ አከራዩ ይሁን፣ የዚያ ሁሉ ደረቅ ቧንቧ ፍስስታ ይሁን። ብቻ ከመሣሪያ ሳጥኑ መሮና መዶሻ አወጣ፣ ግንዷ ስር ተንበረከከ፣ ሲሚንቶውን ይፈልጠው ጀመር።

አከራዩ ጃንጥላ ይዞ ከተፍ አለ። "ሲሚንቶዬን! ምን እያደረግክ ነው?"

"ቧንቧ ፈንድቷል።"

"እዚህ ጋ እኮ ቧንቧ የለም!"

"ለዚህ ነዋ እስካሁን ያልታወቀው። ወደ ኋላ ይበሉ፣ ፍንጣሪው ዓይንዎን እንዳይመታዎት።"

የመጀመሪያው ቁራጭ ተነሳ። ከሲሚንቶው በታች ያለው አፈር ግራጫ ዱቄት ነበር። ውሃው ስሙን እንደጠሩት ሰው መንገዱን ለውጦ ዘው አለ፤ አፈሩ ሲጠጣ ይሰማ ነበር።

ሲስተር መጥረጊያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። የቧንቧ ሠራተኛው ምስጋና የሚመጣ መስሎት ቀና አለ።

"ጠባብ ነው" አሉት። "ሥሯ እስከ ክፍልህ ድረስ ሄዷል እኮ። አስፋው።"

"እግዜር ይይልዎት፣ ሲስተር!" እያለ መዶሻውን አነሳ።

እሁድ ጠዋት አከራዩ ቆራጭ ይዞ ሲመጣ፣ ግቢው ከግንዷ እስከ ቧንቧ ሠራተኛው ደጃፍ ተፈልጦ ነበር። ቆራጩ ፍርስራሹን አየና "መሰላል የት ላቁም?" ብሎ ተመለሰ።

"ይሄ ጥገና መቼ ነው የሚያልቀው?" አከራዩ አፈጠጠ።

"ቅጠል ስታወጣ" አለ የቧንቧ ሠራተኛው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሯል። ሲስተር ከጎኑ ቆመዋል።

"ጨረስክ?"

አልጨረሰም ነበር። ሳፋውን አቀበላቸው።