ለሐርጌሳ የሚሆን ብስክሌት

ብስክሌት ምረጥልኝ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ እንደ ከተማው ነው። ድሬዳዋ ከሆኑ ሜዳ ነውና ያገኙትን ይግዙ። ደሴ ከሆኑ አቀበቱን ገፍተው ነው የሚወጡትና ቀለል ያለ ይሁን። ጦርነት ያለበት ከተማ ከሆነ ግን የማይቀሙትን ይግዙ።

ይህን ጥበብ ያገኘሁት ሐርጌሳ ግንበኛ ሳለሁ ነው። ከተማው በመድፍ ይፈርሳል፣ እኛ እንገነባለን፤ ሥራ ሞልቷል። ቤቴ ኮድቡር ሰፈር፣ ሥራዬ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ መሀል ላይ የታጣቂዎች ኬላ። ባለቤቴ አለምነሽ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበርና በእግሬ ስጎተት ብቻዋን ምጥ እንዳይዛት በጣም እሰጋ ነበር።

ገበያ ላይ ሁለት ብስክሌት አገኘሁ። አንዱ ጎማው ወፍራም፣ የኋላ መጫኛው ሰፊ፣ ብረቱ ከመቀመጫ እስከ መሪ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ የወንድ ብስክሌት። ሌላዋ መሀሏ ዝቅ ያለ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ ቀሚስ ለለበሰ የተሠራች የሴት ብስክሌት። ክላሽ ያነገተ ወንድ መሳቂያ እንዳይሆን የሴት ብስክሌት አይቀማም ብዬ ሁለተኛዋን ገዛሁ። የሥራ ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ጭራሽ ልቤ ተረጋጋ።

ሳምንት ሳይሞላ ኬላው ላይ አስቆሙኝ። አለቃቸው ኢትዮጵያ ተሰዶ በኖረበት ዘመን አማርኛ የለመደ ጎልማሳ ነው። ብስክሌቷን ዙሪያዋን ዞሮ አያትና ቁጭ አለባት። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ኬላው ላይ ያለው ወንድ ሁሉ ሽርጥ ለብሷል።

«ወንድሜ፣ ይህቺ ላንተ ምን ታደርግልሃለች?» አለኝ። «ሱሪ ለብሰሃል።»

ክላሽ ካነገተ ሰው ጋር አልከራከርም። ባለቤቴ ልትወልድ መሆኗን ግን ነገርኩት። በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተኝ። ገበያ ላይ የተውኩት የወንድ ብስክሌት! ከገዛው ሰው ቀምተውት፣ ሽርጡን ሰብስቦ የሚወጣበት ታጣቂ ጠፍቶ አቧራ ለብሷል። ባለቤቱ ቢመጣ እመልሳለሁ ብዬ ወሰድኩት። አልመጣም።

ምጡ በዚያው ሰሞን መጣ፤ አዋላጇ ያለችው ደግሞ ከኬላው ማዶ ነው። ሰፊው መጫኛ ላይ ትራስ አስሬ አለምነሽን አስቀመጥኳትና እየገፋሁ ሄድኩ። ኬላው አሳለፈን። ከኬላው ወዲያ ባለው የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ወፍራሙ ጎማ አልሰመጠም፤ በዚያች በቀጭኗ ቢሆን እዚያው አሸዋው ላይ በወለደች ነበር። ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እኔም እንደ ሕፃኗ አለቀስኩ።

ሦስት ሆነን ስንመለስ ኬላው ላይ አለቃው የሴት ብስክሌቷን ገልብጦ ከጎማዋ እሾህ ይነቅላል። ቀና ብሎ ሕፃኗን አየና «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ ወፍራሙን ጎማ አየ። ከዚያ ሱሪዬን ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ረጋ ብሎ በዓይኑ ለካው።

እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ።