የቡሬ ግትና የአዴ ጫልቱ ዓይን

ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት መጀመሪያ የሚፈልገው መድኃኒት ይመስላችኋል? አይደለም። መጀመሪያ የሚፈልገው ያደረገበትን ሰው ነው። መድኃኒቱ ቆይቶም ይደርሳል፤ ጥፋተኛው ግን ዛሬውኑ፣ ቢቻል ከአጥር ማዶ መገኘት አለበት። እርጎው ቢበላሽ ጠዋት የገባው ሰው እግር ነው። ዶሮዋ እንቁላሏን ጥላ ብትነሳ መንገድ ላይ ቆሞ ያያት ሰው ነው። ልጅ ቢያስነጥሰው ደግሞ ትናንት "እንዴት ያምራል" ያለችው ሴት ናት። እኛ ሱሉልታዎች ብርዳችን ብርቱ ስለሆነ ልጆቻችን ዓመቱን ሙሉ ያስነጥሳሉ፤ ስለዚህ በሰፈራችን ያልተጠረጠረች ሴት የለችም ማለት ነው። እናንተ ሰበታና ቡራዩ ያላችሁት ከእኛ ትሻሉ እንደሆነ አላውቅም። አይመስለኝም።

ይህን የምለው በሰው ለመሳቅ አይደለም። የደረሰብኝን ስለማውቅ ነው። እስከ ዛሬ ነገሩን ባሰብኩ ቁጥር እጆቼን ገልብጬ አያለሁ።

አስካለ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ገና አምስተኛ ወሯን ሳትጨርስ የእኔ ወተት ነጠፈ። ተልባ ጠጪ አሉኝ፣ ጠጣሁ። አጥሚት ጠጪ አሉኝ፣ ጠጣሁ። ሆዴ አደገ እንጂ ጡቴ አልተመለሰም። ስለዚህ ልጄ የምትኖረው በላማችን በቡሬ ወተት ነበር ብላችሁ ማጋነን አይደለም። ቡሬ አባቷ የፈረንጅ ኮርማ ነው ይባላል፤ ግቷን ላየ አያጠራጥርም። ሁለተኛዋ ላማችን ዳለቻ የአገር ናት፤ ወተቷ ጥቂት፣ አመሏ ብዙ። እኔ ሁለቱንም የማልበው እናቴ እንዳስተማረችኝ ነው። ከእርሷ የወረስኳት አንዲት የቅቤ ቀንድ አለችኝ። ጣቴን ነከር አደርግና ጡታቸውን ቀብቼ እጀምራለሁ፤ ያልተቀባ ጡት ይሰነጠቃል ትል ነበር እናቴ። ስጨርስ ጣቴ ላይ የቀረችውን ቅቤ የአስካለ መሃል አናት ላይ አብሳታለሁ። ምንም አይባክንም። ባለሙያ ሴት ነኝ ብዬ እኮራ ነበር፣ ምን ልበላችሁ።

ሐምሌ ላይ፣ የጃንሆይ ልደት ሊከበር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በረቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ አዴ ጫልቱ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አሉ። አዴ ጫልቱ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። አማቴ ከሞቱ ወዲህ ስለ ከብት የማላውቀውን የምጠይቀው እርሳቸውን ነበር።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንታሎ" አሉኝ፣ እንደ ወትሯቸው፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ዓይናቸው ቡሬ ላይ አረፈ። "ይሄ ግት ነው ወይስ እንስራ?"

ሳቁና ሄዱ።

እንትፍ አላሉም። ያመሰገነ ሰው እንትፍ እንትፍ ማለት እንዳለበት እናንተም ታውቃላችሁ፣ እርሳቸውም ያውቃሉ። ይረሱት ይሆናል፣ በመንገድ ላይ ትዝ ይላቸው ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። የደጃቸው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ምራቅ የሚባል ነገር አልሰማሁም።

በሦስተኛው ቀን ቡሬን ላልብ ቁጭ ስል ረገጠችኝ። ረግጣኝ አታውቅም። የግቷ ቀኝ የኋለኛው ወገን አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ብነካው እንደ ምድጃ ያቃጥላል። እንደምንም አባብዬ ጡቷን ስስበው ጮጮው ውስጥ የወረደው ወተት አልነበረም። ቢጫ ውሃ ነው። በውስጡ እንደ አይብ የተቆራረጠ ነገር አለ፣ ከላዩ ቀጭን የደም ክር። ለብዙ ጊዜ ጮጮውን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ሰው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላል። የእኔዋ በሰማይ አይደለችም፤ እዚሁ በረት ውስጥ ቆማ ነው ወተቷን ያጣሁት።

ጥፋተኛ መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ተዘጋጅታ ነበር። ደግነቱ አፌ ቁጥብ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴና በዚያ ቀን ውሃ ለቀዱ ሴቶች ብቻ። ማታውኑ በአጥሩ ክፍተት ላይ ጆንያ ሰቀልኩ። ከቀሩት ከሦስቱ የቡሬ ጡቶችና ከዳለቻ የማገኘውን ጥቂት ወተት አጥልዬ፣ አፍልቼ ለአስካለ መስጠት ቀጠልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። መናገሻ ያለ ወንድማቸው ሞቷል። "ሦስት ቀን መሰንበቴ ነው። ነጯን ላሜን እለቢልኝ፣ ኢንታሎ። ከአንቺ ሌላ እጅ አላምንም" አሉ።

ለለቅሶ የሚሄድን ሰው እንቢ የሚል አፍ የለኝም። እሺ አልኩ። እንዲያውም ከፋኝ፤ ላሜን በዓይናቸው በልተው የእርሳቸውን በእጄ ያሳልባሉ ብዬ። ግን ቃል ቃል ነው። ሦስቱንም ቀን ጠዋትና ማታ መጀመሪያ ቡሬን፣ ቀጥሎ ዳለቻን፣ ከዚያ የቅቤ ቀንዴን ይዤ ተሻግሬ የእርሳቸውን ነጭ ላም አለብኩ። የሰው ላም ስለሆነች ቅቤውን አብዝቼ ቀባኋት።

አዴ ጫልቱ በተመለሱ ማግስት ከአጥር ማዶ "ዋይ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በጆንያው ቀዳዳ አየሁ። የነጯ ላም ግት በአንድ ወገን ዱባ አህሏል። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተያየን። ወደ መሬት እንትፍ አሉና ገቡ።

በዚያው ጠዋት ዳለቻም አብጣ አገኘኋት።

ሰው የራሱን ላም በዓይኑ አይበላም። ደግሞስ አዴ ጫልቱ መናገሻ ነበሩ፤ የቱ ዓይን ነው ያን ሁሉ ጋራ ተሻግሮ የሚያይ? ሦስቱን ላሞች ያየ ማን ነው ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ባለቤቴ ነጯን አላያትም። አዴ ጫልቱ ጆንያው ከተሰቀለ ወዲህ ዳለቻን አላዩዋትም። ሦስቱንም ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በየቀኑ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ አሁን ጣቱን እየቆጠረ ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

እናቶች የሆናችሁ ትረዱኛላችሁ፤ ላሞቹን ወዲያው ረሳኋቸው። የታየኝ አስካለ ናት። ይህ ዓይን ከበረት እስከ ቤት ድረስ አብሮኝ ይመጣል እኮ። ስለዚህ ልጄን ማየት ተውኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አበላኋት፣ በዳበሳ አጠብኳት፣ ነጠላዬን በዓይኔ ላይ ጥዬ አስተኛኋት። እርሷ ጨዋታ መስሏት አገጬን ይዛ ወደ ራሷ ትስበኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ እሳባለሁ። አንድ ጊዜ ሳቀች። ልጄ ስትስቅ ምን እንደምትመስል ሳላይ አለፈኝ።

"ልጅቷን ነው ግድግዳውን የምታጎርሺው?" አለ ባለቤቴ።

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ዓይኔን ሳልገልጥ እንዳለቀስኩ ሲያይ ሳቁን አቆመና ወጣ። ደስታ ለሚባለው የከብት መቅሰፍት ክትባት ሊሰጥ የመጣ የመንግሥት የከብት ሐኪም ገበያው አጠገብ ነበር፤ ለምኖ ይዞት መጣ። ወጣት ነው፣ የላስቲክ ቦቲ ያደረገ፤ ጭቃችንን አልተጸየፈም።

"እንደ ወትሮሽ እለቢ፤ እኔን እንደሌለሁ ቁጠሪኝ" አለኝ።

ጣቴን ቀንዱ ውስጥ ነክሬ ቡሬን አለብኩ። መጀመሪያ የወረደውን በያዘው ጥቁር ሳህን ላይ ተቀበለው፤ ጥቁሩ ላይ ያ የተቆራረጠው ነጭ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየ። ተነሥቼ ወደ ዳለቻ ሄድኩ፣ ጣቴን መልሼ ነከርኩ።

"ቆይ። ለምን ከታመመችው ጀመርሽ?"

"እንግዳና በሽተኛ ይቀድማል ብዬ ነዋ፣ ጌታዬ።"

"እጅሽንስ አትታጠቢም?"

"ቅቤ ነክቶታል እኮ" አልኩ። ቅቤ የነካው እጅ ቆሻሻ ነው ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

"ባለቤትሽ የነገረኝን የጎረቤትሽን ላምስ ያለባት ማን ነው?"

"እኔው" አልኩ። ቀንዷን ከእጄ ወሰደና ውስጧን አየ። "ዓይን አይደለም። ይሄ ዓይን የማያየው ደቃቅ ነገር ነው። ከጭቃው ወደ ቡሬ ጡት ገባ፣ ከቡሬ ወደዚህች ቀንድ፣ ከቀንዷ ወደ ዳለቻ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤትሽ። ያመላለስሽው አንቺ ነሽ።"

"ቡዳ አይደለሁም ማለት ነው?"

"አይደለሽም። ብትሆኚ ይሻል ነበር" አለ። "ቡዳ አንዴ አይቶ ያልፋል። አንቺ በቀን ሁለቴ ነው የምታልቢው።"

ባለቤቴ ሳቀ፣ እኔ ግን ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ አስካለን ከጀርባዬ ላይ አያት። የአናቷን ቅቤ አየ፣ ቀንዷን አየ። "ወተቱን የሚጠጣው ማን ነው?" አለ።

"አፍልቼ ነው" አልኩ፣ የጠየቀኝ ሌላ ሆኖ ሳለ።

"እግዜር ይመስገን" አለና ሌላ ነገር አልጨመረም። ብዙ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያላለውን ነገር እስከ ዛሬ በጭንቅላቴ እየጨረስኩለት እደነግጣለሁ።

በየጡታቸው መድኃኒት አስገባላቸው፤ ለነጯም እንዲሁ። የቡሬ አንዷ ጡት ላትመለስ ትችላለች አለ፤ አልተመለሰችምም። መድኃኒት ያለበትን ወተት ሦስት ቀን ድፉ፣ ለሕፃን በጭራሽ አለ። ከዚያ በወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ፊደል ቆጥሬ ንባብ ደጃፍ ላይ ነው ያቆምኩት፤ እየጎተትኩ አነበብኩት። ጤነኛዋ መጀመሪያ። የታመመችው መጨረሻ። በመካከሉ ሳሙና። ምንኛ ጨካኝ ቃል ነው ብዬ አሰብኩ፤ የታመመን ወደ ኋላ። በደግነቴ ነበር እኮ ሦስት ላም ያሳመምኩት።

አዴ ጫልቱ ጋ ስገባ ወረቀቷን እንደ ጋሻ ይዤ ነበር። ከእግራቸው ወደቅኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ የጠረጠርኳቸውንም፣ ጆንያውንም። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ተነሺ" አሉኝ። "እኔም አንቺን ነበር ያልኩት፤ ይህቺ ልጅ ዓይን አላት ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለልጄና ለለቅሶ ለመጡት ብቻ።" ነጠላቸውን አስተካከሉና "ጆንያውን ሳይ ዓይኗን ከላሜ ልትከልል ነው፣ ደግ ልጅ ናት ብዬ አመስግኜሽ ነበር" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አዴ።"

"ዓይን ቢሆን ምን አደርግሽ ነበር? ዓይን አይታጠብም። እጅ ይታጠባል። ይልቅ ይቺ ሕፃን ሦስት ቀን ምን ልትጠጣ ነው?"

እኔ እርሱን እያሰብኩ ነበር የመጣሁት፤ መጠየቅ ግን በየት አፌ። ሦስቱንም ቀን አዴ ጫልቱ ከልጃቸው ቤት፣ ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው፣ ወተት በጮጮ አመጡልን። በሦስተኛው ቀን አስካለ ጠጥታ፣ ከንፈሯ ላይ ነጭ ጺም አብቅላ፣ እጇን ዘረጋችላቸው። አዴ ጫልቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ይቺ ልጅ ናት ወይስ ጥጃ?" አሉ።

ሳቁና ሄዱ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። የደጃቸው በር ተዘጋ።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ልጄን አቅፌ ፊቷን እስክጠግብ አየሁት፤ የሦስቱን ቀን ዕዳ ጨምሬ። ከዚያ ከእርሷም ከጮጮውም ፊቴን አዞርኩና፣ በአዴ ጫልቱ ፈንታ፣ እንትፍ እንትፍ አልኩ። በሐኪሙ ወረቀት ላይ ስለ ምራቅ የተጻፈ ነገር የለም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።